ሚዛን የመሰለኝ ነገር፦ ሮለር ላይ ብስክሌት መንዳትን ስማር

ሮለር ላይ ብስክሌት መንዳት በጀመርኩባቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ችግሬ ሚዛን መጠበቅ አለመቻል ነው ብዬ ከልቤ አምኜ ነበር። ለዓመታት መንገድ ላይ ስነዳ የኖርኩ፣ እጆቼን ከመሪው ላይ አንሥቼ ጃኬቴን እያወለቅኩ መጓዝ የምችል ሰው፣ ወለል ላይ በተቀመጡ ሦስት ሲሊንደሮች ላይ አሥር ሰከንድ ቀጥ ብዬ መቆየት ሲያቅተኝ ሌላ ማብራሪያ ሊመጣልኝ አልቻለም። ከሦስት ወር በኋላ ዛሬ መለስ ብዬ ሳስበው ግን፣ ከወደቅኩባቸው ጊዜያት መካከል በእርግጥ ሚዛን አጥቼ የወደቅኩበት አንድም አላገኘሁም። አንድ ጊዜ የጣለኝ የሁለት ቡሎኖች አቀማመጥ ነበር፤ ሌላ ጊዜ የገዛ ዓይኔ፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ መሪውን አንቀው የያዙት እጆቼ።

መሣሪያውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ሮለር ማለት በአንድ ረዘም ያለ የብረት ፍሬም ላይ የተገጠሙና በኩሽኔታ የሚሽከረከሩ ሦስት ሲሊንደሮች ናቸው። ሁለቱ ከኋላ ተቀራርበው ይቀመጣሉ፤ የብስክሌቱ የኋላ ጎማ በሁለቱ መካከል ያርፋል። ሦስተኛው ከፊት ለብቻው ሆኖ የፊት ጎማውን ይሸከማል። ከኋለኞቹ ወደ ፊት ያለውን ሲሊንደር ከፊተኛው ጋር አንድ ቀጭን ቺንጋ ያገናኛቸዋል፤ በዚህም ምክንያት ፔዳል ሲመታ የኋላ ጎማው ሲሊንደሮቹን ያዞራል፣ ቺንጋው የፊተኛውን ሲሊንደር ያዞራል፣ ሲሊንደሩ ደግሞ የፊት ጎማውን ያሽከረክራል። ብስክሌቱን የሚይዝ፣ የሚደግፍ ወይም የሚያስር ሌላ ምንም ነገር የለም። የኋላውን ጎማ ጨምድዶ ይዞ ነጂው እንደ ወንበር ተደላድሎ እንዲቀመጥበት ከሚያደርገው ከተለመደው ትሬነር የሚለየው በዚህ ነው።

ትሬነር ነበረኝ፤ ጠልቼውም አይደለም። ነገር ግን ብስክሌቱ የተቸነከረ በመሆኑ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተወዛወዝኩ፣ ፔዳሉን እንደ ሙቀጫ ከላይ ወደ ታች ብቻ እየደበደብኩ አንድ ሰዓት ብነዳ የሚናገረኝ ነገር አልነበረም። መንገድ ላይ ስወጣ የአነዳዴ ሸካራነት በግልጽ ይታወቀኝ ጀመር። ሮለር የዚህ መድኃኒት ነው ሲባል ሰምቼ ነው የገባሁበት።

የመጀመሪያውን ሙከራ ያደረግሁት በበር መቃን መካከል ነው፤ ይህን አሁንም ለማንም ጀማሪ እመክራለሁ። ሮለሩን መሪው በሁለቱ መቃኖች መካከል እንዲውል አድርጌ አስቀመጥኩት፤ ስንገዳገድ በግራም በቀኝም ክርኔ የሚደገፍበት እንጨት አለ ማለት ነው። ለመውጫ አንዲት በርጩማ አጠገቤ አኖርኩ። ለመንዳት እንደተዘጋጀሁ ግን አንድ ፍርሃት ያዘኝ፤ ጎማው ከሲሊንደሩ ላይ ከሾለከ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ተወርውሬ ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ ጋር የምላተም መሰለኝ። ይህ ፍርሃት ጀማሪውን ሁሉ የሚይዝ ስለሆነ ወረቀት አውጥቼ ያሰላሁትን ላካፍል። መንገድ ላይ በዚህ ፍጥነት የሚጓዝ ሰው ከነብስክሌቱ 80 ኪሎ ግራም ቢመዝን የተሸከመው የእንቅስቃሴ ጉልበት ወደ 2,800 ጁል ይጠጋል። ሮለር ላይ ያለው ሰው ግን ቆሟል፤ የሚሽከረከሩት ጎማዎቹ ብቻ ናቸው። የኋላው ጎማና ቸርኬው አንድ ኪሎ ግራም ቢመዝኑ በውስጣቸው ያለው ጉልበት 35 ጁል ገደማ ነው፤ ከመጀመሪያው 80 ጊዜ ያንሳል። ይህ ሁሉ ሰውየውን ወደ ፊት ለመግፋት ቢውል እንኳ ከዝግተኛ እርምጃ የበለጠ ፍጥነት አይሰጠውም። ስለዚህ ጎማው ሲሾልክ ፔዳል መምታቱን ያቆመ ሰው ትንሽ ፈቅ ብሎ ይቆማል እንጂ ግድግዳ አይበሳም።

እውነተኛው አደጋ ወደ ጎን ነው። ብስክሌቱ ከወለሉ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ እግር ሲዘረጋ መሬቱ ከለመደው ቦታ በአንድ ስንዝር ግድም ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ጫማው ከፔዳሉ ጋር የሚቆለፍ ዓይነት ከሆነ ደግሞ እግሩ ፈጥኖ ላይላቀቅ ይችላል። እኔ በሁለተኛው ቀን ከነብስክሌቴ እንደ ተገነደሰ ግንድ የወደቅኩት በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት በተራ ጫማ ነዳሁ።

በሦስተኛው ቀን የገጠመኝን ነገር ዘርዘር አድርጌ ልናገር፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው መሣሪያውን ሸጦ የሚገላገለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። መቃኑን በክርኔ ተደግፌ መንዳት እንደጀመርኩ ብስክሌቱ ቀስ በቀስ ወደ ፊት ይሳባል። የፊት ጎማው ከሲሊንደሩ አናት ላይ ቁልቁል ሊወርድ የሚሻ ይመስላል፤ ስቃወመው መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ሲንቀጠቀጥ አጥብቄ እይዘዋለሁ፤ አጥብቄ ስይዘው ወደ አንዱ ጎን ይወረወራል። አራት ጊዜ ሞክሬ አራቴም ወደቅኩ። ያን ዕለት ማታ ለዚህ ነገር አልተፈጠርኩም ብዬ ተኛሁ።

በማግስቱ አንድ ክር ቆረጥኩና ጫፉ ላይ ዳዶ አሠርኩበት፤ የክሩን ሌላ ጫፍ የፊት ጎማው ከሚዞርበት መሃል ላይ ይዤ ወደ ታች አንጠለጠልኩት። ዳዶው የሲሊንደሩን አናት አልፎ በፊት በኩል ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ተንጠለጠለ። ጎማዬ ከኮረብታው ጫፍ አልፎ ቁልቁለቱ ላይ ቆሞ ነበር ማለት ነው። መሆን ያለበት ተቃራኒው ነው፤ ሲሊንደሩ ከጎማው መሃል ትንሽ ወደ ፊት ቀድሞ ሲቀመጥ የፊት ጎማው ወደ ኋላ ይደገፋል፣ የኋላው ጎማም በሁለቱ ሲሊንደሮች መካከል ባለው ጉድጓድ ውስጥ ይረጋል። ፍሬሙ ላይ ለተለያየ የብስክሌት ርዝመት የተበሱ ቀዳዳዎች ነበሩ፤ እኔ ስገጥመው በዓይን ገምቼ ነበር። ሁለት ቡሎን ፈትቼ ሲሊንደሩን ሁለት ቀዳዳ ወደ ፊት አዛወርኩት፤ ዳዶው አሁን ከአናቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ዋለ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ክርኔ መቃኑን ሳይነካ ሃያ አምስት ፔዳል ቆጠርኩ። በእኔ ላይ ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ነው ብስክሌት እንዴት እንደሚቆም ማንበብ የጀመርኩት። በልጅነቴ የተነገረኝ፣ የሚሽከረከር ጎማ እንደ እንዝርት ስለሚጸና ብስክሌቱን ያቆመዋል የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ዴቪድ ጆንስ የተባለ ብሪታንያዊ ይህን አባባል ለመፈተን ከፊት ጎማው ጎን ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ የሚሽከረከር ሌላ ጎማ ገጥሞ የመሽከርከሩን ውጤት አጠፋው፤ ብስክሌቱ ግን ያለ ችግር ተነዳ። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ተመራማሪዎች ይህ የመሽከርከር ውጤት የሌለበት ትንሽ የሙከራ ብስክሌት ሠርተው ያለ ነጂ ቀጥ ብሎ ሲሄድ አሳዩ። ነጂውን በዋናነት የሚያቆመው መሪው ነው፤ ብስክሌቱ ወደ ግራ ሲያዘነብል የፊት ጎማው በጥቂቱ ወደ ግራ ይዞራል፣ ጎማዎቹም ከሚወድቀው ክብደት ሥር ይገባሉ። መንገድ ላይ ይህ በየሰከንዱ ሳናውቀው የሚፈጸም ነው።

ይህ እውቀት ሁለት ነገር አስረዳኝ። አንደኛው የቺንጋው ጥቅም ነው፤ የፊት ጎማው ካልተሽከረከረ መሪውን ማዞር ጎማውን ወደ ጎን ሊወስደው አይችልም፣ ስለዚህ ማዘንበልን ማረም አይቻልም። በእርግጥም አንድ ቀን ቺንጋው ወልቆ በሁለት ሰከንድ ውስጥ መቃኑ ላይ ተደግፌ ራሴን አገኘሁት። ሁለተኛውና ዋናው የእጄ ነገር ነው። መሪው በራሱ ጥቂት ጥቂት እየተወዛወዘ ሥራውን እንዲሠራ ከተተወ ብስክሌቱ ይቆማል፤ እኔ ግን እየፈራሁ ጨብጬ በያዝኩት ቁጥር የሚያድነኝን እንቅስቃሴ እገታለሁ፣ ከዚያም ዘግይቼ በኃይል አርመዋለሁ። መንገድ ላይ ይህን የመሰለ ስሕተት ሰፊ ቦታ ስላለው አይታወቅም። የሲሊንደሩ ስፋት ግን 40 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው፤ ከመሃሉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የተፈቀደልኝ አንድ አንድ ስንዝር ብቻ ነው ማለት ነው።

ማወቅ ግን እጅን አያላላም። ይህን ያላላልኝ ድሮ በቬሎድሮም፣ ማለትም ለብስክሌት እሽቅድምድም በተሠራ ሜዳ፣ ይወዳደር የነበረ አንድ ወዳጄ ነው። የቬሎድሮም ተወዳዳሪዎች ከውድድር በፊት ሰውነታቸውን የሚያሟሙቁት ሮለር ላይ ስለሆነ ለእሱ ነገሩ እንደ መቀመጫ የተለመደ ነው። መቃኑ አጠገብ ቆሞ ትንሽ ተመለከተኝና፣

«ምንድን ነው የምታየው?» አለኝ።

«የፊት ጎማዬን።»

«ጎማው የት ይሄድብሃል? ዓይንህን አንሣ።»

ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ በደረቴ ከፍታ አንድ ቁራጭ ፕላስተር ለጠፈልኝ። እሱን እያየሁ እንድነዳ ካደረገ በኋላ ስለ ሥራዬ ይጠይቀኝ ጀመር። መጀመሪያ ላይ ጨዋታ የፈለገ መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ግን ምን እያደረገ እንደሆነ ገባኝ። ስነዳ ትንፋሼን እይዝ ነበር፤ ትንፋሹን የያዘ ሰው ትከሻው ይገተራል፣ ትከሻው የተገተረ ሰው ክርኑ ይደርቃል፣ የደረቀ ክርን እያንዳንዱን የእግር ምት ወደ መሪው ያስተላልፋል። የሚያወራ ሰው ግን ትንፋሹን ሊይዝ አይችልም። ስለ አንድ አሰልቺ ስብሰባ እየተረክሁለት ሳለ አራት ደቂቃ እንደነዳሁ የነገረኝ እሱ ነው፤ እንደነገረኝ ወዲያውኑ ወደ ጎማዬ አየሁና ወደቅኩ። ብቻዬን ስሆን እስከ ዛሬ ድረስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ፤ የሚሰማ ሰው ቢኖር ያፍርልኝ ነበር።

ስለ ማርሽም አንድ ነገር አለ። ጀማሪ ሁሉ በቀላል ማርሽ ቀስ ብሎ መጀመር ይፈልጋል፤ ይህ ግን ነገሩን ያከብደዋል። ጎማው በፍጥነት ሲዞር መሪው ላይ የሚደረግ ጥቂት እርማት ብስክሌቱን ቶሎ ወደ ቦታው ይመልሰዋል፤ በዝግታ ሲዞር ግን ለዚያው ውጤት መሪውን ብዙ ማዞር ያስፈልጋል፣ መንገድ ላይ በእርምጃ ፍጥነት ሲነዱ ብስክሌት እንደሚዋዥቀው ሁሉ። ስለዚህ ከፊት ትልቁን ጥርስ፣ ከኋላ መካከለኛውን ይዤ ቶሎ ቶሎ ረግጬ እነሣለሁ፤ በደቂቃ ወደ 90 ዙር ስደርስ ብስክሌቱ ራሱ ይረጋል።

የመጣሁበት ዋና ጉዳይ፣ ማለትም የፔዳል አመታቴ፣ መሻሻል የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። መንገድ ላይ ሰውነታችንና ብስክሌታችን ይዘውት የሚሄዱት ግስጋሴ ትልቅ ስለሆነ፣ እግር ከላይና ከታች በሚያልፍበት ቅጽበት ጉልበት ሲቋረጥ ፍጥነቱ አይቀንስም፤ ጉድለቱ ይሸፈናል። ሮለር ላይ ግን የሚዞሩት ጎማዎቹና ቀላል ሲሊንደሮች ብቻ ስለሆኑ ጉልበት ሲቋረጥ ወዲያው ያዘግማሉ። ይህ በጆሮ ይሰማል። የእኔ ድምፅ በመጀመሪያው ወር «ውው-ው፣ ውው-ው» እያለ ይነሣና ይወድቅ ነበር፤ የቀኝ እግሬ ምት ረዘም ያለ፣ የግራው አጠር ያለ። ለዓመታት ቀኝ እግሬ ሥራውን ሲደርብ እንደኖረ የነገረኝ ያ ድምፅ ነው። ለማስተካከል የሞከርኩት የግራውን በማጠንከር ሳይሆን ቀኙ ከታች በሚያልፍበት ጊዜ ተረከዜን ወደ ኋላ እንደምጎትት አድርጌ በማሰብ ነው፤ ከጫማ ሥር የተጣበቀ ጭቃ በደረጃ ጠርዝ ላይ እንደሚጠረገው ዓይነት። አሁን ድምፁ ወደ አንድ ወጥ ጉምጉምታ ተቀራርቧል፤ ሲደክመኝ ግን ያ አሮጌው ማነከስ ተመልሶ ይመጣል።

ፍጥነት የሚያሳየውን ቁጥር አትመኑት። ሮለር ላይ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር መድረስ ለማንም መካከለኛ ነጂ የሚቻል ነው፤ ምክንያቱም የሚቃወም ነፋስ የለም። ከቤት ውጭ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን አየርን ለመሰንጠቅ የሚያስፈልገው ኃይል ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ ሮለር ላይ ግን ያለው የጎማውና የሲሊንደሩ መፋተግ ብቻ ስለሆነ ጭማሪው እጥፍ ያህል ነው። አየር ምን ያህል እንደሚጫነን ለማወቅ የፈለገ፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 30 ቀን 1899 ቻርልስ መርፊ የተባለ አሜሪካዊ ያደረገውን ያስብ። በባቡር ሐዲድ መካከል በተነጠፈ ሳንቃ ላይ፣ ባቡሩ ነፋሱን እየከለለለት፣ አንድ ማይል በ57.8 ሰከንድ ነዳ፤ ይህም በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ነው። ጭነቱ እንዲጨምር የሚፈልግ ሰው ቀጭን ሲሊንደር ያለው ሮለር ይመርጣል፤ ሲሊንደሩ በቀጠነ መጠን ጎማው ላይ ጠልቆ ስለሚጫን ለማዞር ይከብዳል። የእኔዎቹ ወፈር ያሉ ናቸው፤ ስለዚህ ለከባድ የጉልበት ሥልጠና ወደ ትሬነሩ ወይም ወደ ዳገት እመለሳለሁ። ሮለርን የሁሉ ነገር ምትክ አድርገው በሚያወድሱት አልስማማም።

ነፋስ አለመኖሩ ሌላ ዋጋ ያስከፍላል፤ ሙቀት። የሰው ጡንቻ ከሚያቃጥለው ጉልበት ወደ ፔዳሉ የሚደርሰው ሩብ ያህሉ ነው፤ ፔዳል ላይ 200 ዋት የሚያወጣ ሰው ወደ 600 ዋት ገደማ በሙቀት መልክ ያመነጫል። በክፍሉ ውስጥ አንድ ትንሽ ማሞቂያ ተለኩሶ፣ ማሞቂያው ደግሞ ራሱ ነጂው ሆኖ ማለት ነው። ያለ ቬንትሌተር ሃያ ደቂቃ ስነዳ የልብ ምቴ ጉልበት ሳልጨምር ብቻዋን ስትወጣ አየሁ። አሁን ቬንትሌተሩን ከፊት ለፊት ትንሽ ወደ ጎን አድርጌ ወደ ደረቴ አዞረዋለሁ። መሪው ላይ ፎጣ መደረብም ለምቾት ብቻ አይደለም፤ ላብ ጨው ስላለው ቡሎኖችንና የመሪውን መጋጠሚያ ያዝጋል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የፊተኛው ሲሊንደር ላይ ጠብ ያለች ላብ ጎማውን ታንሸራትታለች። ከአፍንጫዬ ጫፍ ወርዳ ሲሊንደሩ ላይ ስታርፍ በዓይኔ ያየኋት አንዲት ጠብታ ግራ ትከሻዬን ለአንድ ሳምንት አሳመመችኝ።

ስለ እንክብካቤ ብዙ የሚባል የለም። ጎማው ለስላሳ ገጽ ያለው ይሁን፤ ጥርሳማ ጎማ ጎረቤት ያስለቅሳል። መንገድ ላይ የዋለ ብስክሌት ጎማው ተጠርጎ ይውጣበት፤ አንዲት ጠጠር በየዙሩ ጠቅ ጠቅ እያለች ሲሊንደሩን ትጭራለች። ነፋሱ በየጊዜው በፖምፓ ይሞላ።

ሲሊንደሩን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ግን እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም ጎማው የሄደበትን ያሳያል። ከጎማው የሚረግፈው ጥቁር ብናኝ የፊተኛው ሲሊንደር ላይ መቀነት የመሰለ ምልክት ይተዋል። በመጀመሪያው ሳምንት መቀነቱ ከዳር እስከ ዳር ይደርስ ነበር፤ መጀመሪያውም መጨረሻውም አይታወቅም። በሁለተኛው ወር ወደ አንድ ስንዝር ጠበበ። ትናንት ስለካው አምስት ጣት ሆኖ አገኘሁት፤ ወደ ቀኝ ትንሽ አጋድሏል፣ ያቺ ቀኝ እግሬ አሁንም የራሷን ሐሳብ አልተወችም።

የሚቀረኝ የውኃ ጠርሙሱ ነው። አንድ እጅ ማንሣት ከቻልኩ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል፤ እጁ ግን ባዶ ሲሆንና ወደ ታች ወርዶ ከፍሬሙ ላይ አንድ ነገር ሲያላቅቅ ነገሩ ይለያያል፤ ትከሻ ያዘነብላል፣ ክብደት ይዛወራል፣ ዓይንም ሳይፈቀድለት እጁን ተከትሎ ሊወርድ ይፈልጋል። ባለፈው እሑድ ግድግዳው ላይ ካለው ፕላስተር ዓይኔን ሳላነሣ ጠርሙሱን በዳሰሳ አገኘሁት፣ አወጣሁት፣ ጠጣሁም። መመለሻው ላይ ግን ቀዳዳውን ሦስት ጊዜ ስቼ መሪው መወዛወዝ ሲጀምር ጠርሙሱን በጥርሴ ነክሼ ሁለቱንም እጆቼን መለስኩ፤ የቀሩትን አሥራ አንድ ደቂቃዎችም እንደዚያው ሆኜ ጨረስኩ።